የጋሽ አለሙን ዓሣ ፍለጋ፤ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ጌጫ

ይህን የምጽፈው ጎባ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አብዛኞቻችሁ ወደዚህ እንደማትመጡ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ላስረዳ። ባሌ ገብስ፣ ፈረስና ቁር ነው። ሚዛን ተፈሪ ደግሞ እርጥበት፣ ሙዝና ቀይ አፈር። ጠዋት ጫማችሁን ጠርጋችሁ ብትወጡ ረፋድ ላይ የሌላ ሰው ጫማ ያደረጋችሁ ይመስላችኋል። እዚህ ሰው ስለ ቡና እንጂ ስለ ዓሣ አያወራም። ከአከራዬ ከጋሽ አለሙ በቀር።

ጋሽ አለሙ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ናቸው። «አገርህ የት ነው?» ብለው «ጎባ» ስላቸው፣ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው «ትራውት ታውቃለህ?» አሉኝ። እንዴት አላውቅም! ወብ ወንዝ ዳር ከአጎቴ ጋር ትራውት የሚባለውን ዓሣ እያጠመድኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለካ እሳቸው በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው የትራውት ጫጩት ከባሌ በወተት ማመላለሻ ዕቃ ጭነው፣ ውሃውን በየመንገዱ እየቀየሩ፣ እዚህ ደጋ ላይ ሦስት ወንዞች ውስጥ ለቀው ነበር። ከዚያ ሥራው ተቋረጠ። ባልደረባቸው ሞተ። ዓሣዎቹ ምን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

አሁን ዓይናቸውን የዓይን ግፊት ይዞታል። ሰው መምጣቱን ያያሉ፤ ማን መሆኑን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ሐኪሙም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ጅማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልወቅ» አሉኝ። «ኖረዋል ወይስ ገድያቸዋለሁ?»

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሴሚስተር ዕረፍት ሲደርስ «እንሂድና እንይ» አልኳቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከጓዳ ሆነው ሰሙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ልጅ ይሉኝታ ያለው ነው» አሉ። «አንተን ላለማሳዘን ‹አየሁ› ይልሃል። አንተም ‹አየ› ብለህ ትመጣለህ። ከዚያ ጅማ ድረስ እኔ ነኝ የምሰማው።»

ጋሽ አለሙ ከዘራቸውን በእጃቸው ዳብሰው አነሱ።

ከሐሙስ እስከ እሁድ ጊዜ ነበረኝ፤ ሰኞ ትምህርት ይጀምራል። የጋሽ አለሙ ጉልበት ደግሞ ብዙ የእግር መንገድ አይችልም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ። ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድበት ምክንያት አለው፦ ውሃ ሲቀዘቅዝ አየር ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቃል፤ ትራውት ደግሞ ከሌላው ዓሣ ይልቅ ብዙ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የውሃውን ቅዝቃዜ፣ ጥራት፣ ፍጥነት፣ የታችኛውን ድንጋይና የዳሩን ጥላ መዘንኩ። ወንዞቹንም ሀ፣ ለ እና ሐ አልኳቸው። ሀ ከሸኮ በላይ ነው፤ መንገዳችን ላይ ስለሆነ ይታያል። ለ ጌጫ አጠገብ ነው፤ ጋሽ አለሙ ስለ እሱ የነገሩኝ ሁሉ ለትራውት የሚስማማ ነው። ሐ ከጌጫ በላይ ቀርከሃ ውስጥ ነው፤ ጥላው ይበዛል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። በዚያ ላይ እዚያ የለቀቁት በመጨረሻው ዕቃ ውስጥ የተረፉትን፣ በጎናቸው የተኙትን ነበር። ሐን ሰረዝኩት።

ጋሽ አለሙ ሳነብላቸው ሳቁ። «መምህሬ፣ ወንዝ ነው ወይስ የምርጫ ጥያቄ? ‹መ፤ መልሱ አልተሰጠም› የሚል ጨምርበት እንጂ።»

ሐሙስ

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደን የቴፒ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ የማጥመጃ ዘንጌን አየና «ይሄ አንቴና ነው?» አለ። ማጥመጃ መሆኑን፣ ክሩ በየት እንደሚያልፍና መንጠቆው የት እንደሚታሰር ማስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም። «ወንድሜ፣ የሚጠመድ እንኳ ቢኖር እኔ ቦታ የለኝም» ብሎ ዘንጉን በተሳፋሪዎች ጭን ላይ አጋደመው። እስከ ሸኮ ድረስ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና ያለው ሰው ሁሉ እንደ ቃሬዛ ተሸከመልኝ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ካገኘህ ለሁላችንም ነው እንግዲህ» አሉኝ።

ሸኮን አልፈን ድልድይ ላይ ወረድን። ወንዙን ሳላየው ሸተተኝ። ከላይ የቡና ማጠቢያ አለ፤ ከቀይ ቡና የተላጠው ገለባና ሙጫ ከእጣቢው ጋር ወንዙ ውስጥ ይገባል። ገለባው ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ውሃው የሻይ ቅጠል ቀለም ይዞ አረፋ ይገፋል። ለጋሽ አለሙ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ እሳቸው በአፍንጫቸው ጨርሰውት ነበር።

«ሀ ስህተት ነው፤ አይደል?» አሉ።

መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ አንዲት ሴት አዛውንቱ መቆማቸውን አይታ በርጩማ አመጣችላቸው። ቀጥላም ጨሞ ቀዳችልን፤ ከቡና ቅጠልና ከቅመም የሚፈላ መጠጥ ነው። እኛ አገር ቅጠሉን ማን ያየዋል? እዚህ ግን ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቤት ነው። ዝንጅብልና ሚጥሚጣው ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ሴትየዋ ሳቀች። «ደገኛ ነህ» አለች። ሂሳብ ስንጠይቃት ተቆጣች፤ ሙዝ ገዝተን ታረቅን።

ሌላ ሚኒባስ ይዘን ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ጎባ በጥር ወር ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን፤ ቴፒ አንሶላ ይከብዳል። ያደርንበት ቤት ማራገቢያ ነበረው፤ መብራት ግን አልነበረም። በጨለማ ተጋድመን ሳለ ስንት ቀን ያሰብኩትን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ትራውት እኮ ሁለት ዓይነት ነው። የለቀቃችሁት ባለቀስተ ደመናውን ነው አይደል?» ባለቀስተ ደመናው ከጉንጩ እስከ ጭራው ሮዝ መስመር ያለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀቀውም እሱ ነው።

«ስታገኘው ትነግረኛለህ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደክሟቸው ነው ብዬ ተውኩት።

ዓርብ

ወደ ጌጫ የሚወጣ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ጋሽ አለሙን ጋቢና አስገባቸው፤ እኔ ከላይ በጨው ከረጢቶች መካከል ተቀመጥኩ። አንድ ጉድጓድ ላይ ስንዘል ከትምህርት ቤት የተዋስኩት ቴርሞሜትር ኪሴ ውስጥ ተሰበረ። መንገዱ ግን ሊረሳ አይችልም። መጀመሪያ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፤ ቀጥሎ ጭጋግ፤ ከዚያ እንሰትና ቀርከሃ። ሹራቤን ስለብስ ደስታ ተሰማኝ፤ አየሩ ጎባ ጎባ ሸተተኝ። የጎደለው ፈረስ ብቻ ነው።

ጌጫ የተቀበለን ጴጥሮስ የሚዛን ባልደረባዬ ወንድም ነው። ቀፎ አለው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መዝሙር ይመራል። ቤቱ ጴንጤ ቢሆንም ባለቤቱ ገና ሰላም ስትለን ጋሽ አለሙ አንገት ላይ ማተብ አየች። ማንም ምንም ሳይላት ጎመኑን ለብቻ ያለ ቅቤ ሠርታ፣ ከቆጮ ጋር ለእሳቸው አቀረበች። ለኛ በቅቤ የተሠራውን ሰጠችን። ማሩ በቆጮ ሲበላ የኛን የገብስና የቅቤ ጭኮ ያስረሳል ብል እናቴ ትቀየመኛለች፤ ስለዚህ ያስታውሳል ልበል።

የጴጥሮስ አባት አቶ አደሎ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ዘንጌን ደጋግመው ያዩ ነበር። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲናገሩ ግን ቃል ይቆጥባሉ።

ቅዳሜ

ለ የተባለው ወንዝ በመጽሐፍ ላይ የተሳለ ይመስል ነበር። ጠጠሩ ይቆጠራል፤ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል፤ ዳሩ ላይ በልኩ የሆነ ጥላ አለ። ቴርሞሜትር ስለሌለኝ እጄን ነከርኩ፤ ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ።

«አሁን እጅህ ስንት ዲግሪ ይላል?» አሉ ጋሽ አለሙ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

በፌንጣ ሞከርኩ። በትል ሞከርኩ። ከፏፏቴው ሥር፣ ከድንጋዩ ኋላ፣ ከዛፉ ሥር ጥግ ሞከርኩ። አጎቴ ያስተማረኝን ሁሉ ጨረስኩ። አንዲት ጣት የምታክል ዓሣ እንኳ አልነካችኝም። ጋሽ አለሙ መጀመሪያ «ያዘ?» ይሉ ነበር። ከቀትር በኋላ መጠየቁን ተዉት። ያ ከሁሉ ከበደኝ።

ጴጥሮስ ሊወስደን ሲመጣ እኔ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የደረቀ፣ የተወቀጠ ፍሬ እያየሁ ነበር። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ብርብራ ነዋ።»

ብርብራ እኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም አለ፤ ለቡና ጥላ የሚተከል ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው መተንፈስ አቅቶት ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም። በየበጋው፣ ውሃው ሲቀንስ፣ ወጣቶች ከቆላ በከረጢት ያመጡትና ከድልድዩ ጀምሮ ወንዙን ያጥቡታል።

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?» አለ ጴጥሮስ ተገርሞ። «እጅህን ስትነክር፣ ድንጋይ ስትገለብጥ አየሁህ። ውሃ ሊመረምር የመጣ ባለሙያ ነው ብዬ ለሰውም ተናግሬያለሁ።»

እውነቱን ነው። ስለ ውሃው ሁሉን ነገር ጠይቄ፣ በውሃው ዳር ስለሚኖረው ሰው አንድም ነገር አልጠየቅሁም።

«እንግዲህ መልሱ ‹መ› ነው» አሉ ጋሽ አለሙ፣ ከድንጋዩ ላይ ሲነሱ። በቀልድ ነበር የጀመሩት፤ ድምፃቸው ግን መጨረሻው ላይ ወረደ።

ማታ ምድጃው ዳር ተሰበሰብን። እኔም ጥያቄዬን ቀይሬ ጴጥሮስን «ብርብራ የማይገባበት ወንዝ አለ?» አልኩት። ጴጥሮስ አባቱን አየ። አቶ አደሎም በጣታቸው ወደ ቀርከሃው አቅጣጫ አሳዩ።

«ደዶ» አሉ።

ጴጥሮስ አስረዳኝ። ደዶ ጎሳው ከአዝመራው የመጀመሪያውን ወስዶ የሚያቀርብበት ቦታ ነው። ዛፉ አይቆረጥም፤ ከውሃው ምንም አይወጣም። የቦታው ጠባቂ አባቱ ናቸው። ከየት እስከ የት እንደሆነ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። የሰረዝኩት ሐ ነው።

«ዓሣ አለበት ወይ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ።»

«አይተው አያውቁም?»

«ውሃ ውስጥ ምን ልፈልግ እገባለሁ? እኛ ዓሣ አንበላም።»

ዘንጌን ወደ ኋላ ደበቅ አድርጌ «ለማየት ብቻ ይቻላል?» አልኩ። አቶ አደሎ ለልጃቸው በቋንቋቸው ብዙ ተናገሩ። ጴጥሮስ ተረጎመ፦ «ዘንጉ እዚህ ይቀራል። እጅ አይነከርም። ከዚያ ምንም ይዞ መመለስ የለም።» ከራሱም ጨመረ፦ «እኔ እንኳ በዚህ ነገር አላምንም፤ አባቴን ግን አልሽርም። ደግሞ በፕሮግራም ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መገኘት አለብኝ፤ ጎህ ሲቀድ ነው የምንሄደው።»

ጋሽ አለሙ ወደ አቶ አደሎ ዞሩ።

«ያኔ ስንመጣ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም» አሉ። «በመንግሥት ወረቀት ነው የገባነው። የሚሞቱ የሚመስሉ ትንንሽ ዓሣዎች ደፋንበት።»

«ምን ወሰዳችሁ?» አሉ አቶ አደሎ።

«ምንም።»

«ሰጣችሁ እንጂ አልወሰዳችሁም» አሉ ሽማግሌው። «እዚያ የሚኬደው ለመስጠት ነው።»

እሁድ

ጴጥሮስ በቅሎውን ለጋሽ አለሙ ጫነላቸው። ወደ ላይ ስንወጣ ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበት አራሰው። ቀርከሃው ጫካ ስንደርስ ነፋስ ሲነካው እርስ በርሱ እየተፋተገ ይንጫጫል። እኛ አገር ሜዳው ላይ ዓይን ሩቅ ያያል፤ እዚህ ከበቅሎው ጭራ አልፎ የሚታይ ነገር የለም። አቶ አደሎ አንድ ቦታ ላይ ሲቆሙ ሁላችንም ቆምን። ጫማችንን አወለቅን።

ውሃው ከድንጋይ ሥር ወጥቶ አንድ ጥቁር ኩሬ ሠርቶ ያልፋል። ጥላው በእርግጥ ይበዛል፤ ይህን ሳላይ መዝኜዋለሁ። ያልመዘንኩት ሰላሙን ነበር። በሆዴ ተኝቼ አየሁ። ድንጋይ። ቅጠል። የራሴ ፊት። ረጅም ጊዜ አየሁ። ከኋላዬ ጋሽ አለሙ በሁለት እጃቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «አየሁ» ብላቸው ማን ያረጋግጥብኛል? እትዬ ዘነበች ያሉት በዚያች ሰዓት ትዝ አለኝ፤ እውነታቸውን ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«የለም፣ ጋሼ» አልኩ። «እስካሁን ምንም አላየሁም።»

«እሺ» አሉ በቀስታ።

ጴጥሮስ ፀሐይዋን አይቶ ለአባቱ የሆነ ነገር ተናገረ። የፕሮግራሙ ሰዓት መድረሱ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «አባባ፣ ከውሃው ምንም አይወጣም ብለዋል። ወደ ውሃውስ ነገር መጣል ይቻላል?»

አቶ አደሎ ትንሽ አሰቡ። «ለመስጠት ነው የሚመጣው ብያለሁ እኮ።»

ከሣሩ ላይ በጤዛ የደነዘዘ ፌንጣ ያዝኩና ጣልኩ። ፌንጣው ተሽከረከረ፤ ወደ አንድ የዛፍ ሥር ጥግ ተንሳፈፈ። ከዚያ ውሃው ተከፈተ፣ «ጧ!» አለ፣ ተዘጋ። ፌንጣው የለም።

ጋሽ አለሙ ከዘራቸውን ለቀቁት። «ድገም!» አሉ። «ድገም፣ ድገም!»

ሁለተኛው ፌንጣ ላይ ሙሉ ሰውነቱን አየሁት። ክንድ የሚያክል ነው፤ ወጥቶ ፀሐይ ውስጥ ተገለበጠ። ሦስተኛው ላይ ሌላ ትንሽ መጣ። ልጆችም አሉ ማለት ነው።

«ጎኑ ምን ይመስላል?» አሉ ጋሽ አለሙ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ባለቀስተ ደመናው አይደለም። ሮዝ መስመር የለውም። ቡኒ ነው፤ ሆዱ ቅቤ ይመስላል። ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው፣ በያንዳንዱ ዙሪያ ደግሞ ነጣ ያለ ቀለበት...»

«ቀለበት አለው?»

«አለው።»

ተቀመጡ። እርጥቡ መሬት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ልብሳቸው ተቀመጡ። ጴጥሮስ የታመሙ መስሎት ሮጠ።

«እኔ አልነገርኩህም» አሉኝ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። «ምን እንደለቀቅን በአፌ አልነገርኩህም። ‹ባለቀስተ ደመናው ነው አይደል?› ስትለኝ መልሱን የደበቅሁህ ለዚህ ነው። ዘነበች እንዳለችው ለኔ አዝነህ ‹አየሁ› ብትል፣ በቀለሙ አውቅብህ ነበር።»

ጴጥሮስ የመጀመሪያው መዝሙር አመለጠው። ስንወርድ በመንገድ ላይ ለራሱ ዘመረው፤ አባቱም አልከለከሉትም።

በአይሱዙ ወደ ቴፒ፣ ከቴፒ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ሚዛን ወረድን። ሸኮን ስናልፍ ነው ዘንጌ ትዝ ያለኝ፤ ጴጥሮስ ቤት ከበሩ ኋላ ቀርቷል። ረዳቱ ያው የሐሙሱ ነበር። «አንቴናህስ?» አለኝ። «ዓሣውስ?» አሉ የሐሙሱን ወሬ የሰሙ ተሳፋሪዎች። ጋሽ አለሙ ከፊት ሆነው «አለ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

የወንዞቹን ስም ጽፋችሁ ልትጠይቁኝ ታስቡ ይሆናል። ሀ፣ ለ፣ ሐ ናቸው። ሐ ሐ ሆኖ ይቀራል።

ቤት ስንገባ እትዬ ዘነበች ለጅማ የሚሄደውን ዕቃ በማዳበሪያ ጆንያ እየከተቱ ነበር። ባዶ እጃችንን አዩ። ባላቸውን አልጠየቁም። እኔን በክንዴ ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«ምን ይመስላል?»

ነገርኳቸው። ቅቤ የመሰለውን ሆድ፣ ቀዩን ነጥብ። አሁንም ይጠብቃሉ፤ ገና አንድ ነገር እንደቀረኝ ከፊታቸው አወቅሁ። ቀለበቱን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለካ ባላቸው ያን ዓሣ ሲያወሩ ሰምተው ሰምተው፣ አንድም ሳያዩ፣ መልኩን በቃላቸው ያውቁታል።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሳሎን ወጡ።

«በል እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ጀምር» አሉ፣ ከጋሽ አለሙ አጠገብ እየተቀመጡ። «ሐሙስ ስትወጡ ምን ሆነ?»